አሥር ዓመት ሳይበራ የኖረ ማብሪያ፦ የዲስክ መስመርን የማስተኛት ታሪክ በሊነክስ ውስጥ

ጃንዋሪ 24 ቀን 2008 የወጣው የሊነክስ ከርነል 2.6.24 ዕትም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሺህ የሚቆጠሩ ለውጦችን ይዞ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ዲስኩን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ማስተኛት የሚያስችል ነው። ኮዱ ተጽፎ፣ ተመርምሮና ተቀባይነት አግኝቶ በከርነሉ ውስጥ ተቀመጠ። ፌዶራ የተባለው የሊነክስ ዲስትሪቢውሽን ይህን ቁጠባ በላፕቶፖች ላይ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ እንዲበራ አድርጎ 28ኛ ዕትሙን ያወጣው ግን ሜይ 1 ቀን 2018 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል አሥር ዓመት ከሦስት ወር አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማብሪያው በቦታው ነበረ፤ አብዛኛው ሰው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በዲስክ መሰኪያ ታሪክ ውስጥ ምን ጉዳይ አላት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳዬ መዘግየቱ ነው። ችግሩ የዕውቀት ማነስ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለመሐንዲሶች ትቼው ባለፍኩ። ነገር ግን ዕውቀቱ በ2008 ተሟልቶ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፦ ጥቅሙን የሚያገኘውና ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው አንድ አልነበሩም፤ ማብሪያው ቢበራ አደጋ እንደማያመጣ ለማረጋገጥ የሚከፍልም አልተገኘም።

ነገሩን ለመረዳት መስመሩ ለምን ኃይል እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የግል ኮምፒውተሮች ዲስክ ከሰሌዳው ጋር የሚገናኘው ጥብጣብ በመሰለ ጠፍጣፋና ሰፊ ገመድ ነበር። በዚያ ገመድ ውስጥ በርካታ ሽቦዎች ጎን ለጎን መረጃ ያመላልሳሉ፤ የሚመላለስ ነገር ሲጠፋ ገመዱ ዝም ይላል። ከ2003 ወዲህ በሰፊው የተተካው «ሳታ» የተባለው ግንኙነት ግን በጥቂት ሽቦዎች እጅግ ፈጣን ምልክት ይልካል፤ የመጀመሪያው ትውልድ በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ነበር። ይህን ያህል ፍጥነት የሚገኘው ሁለቱ ወገኖች ያለማቋረጥ ቅኝታቸውን ካስተካከሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩ የሚያነበውም የሚጽፈውም ነገር በሌለበት ሰዓት እንኳ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ቺፖች «አለሁ፣ አለሁ» የሚል ዓይነት ምልክት በሙሉ ፍጥነት ይለዋወጣሉ። ፍጥነቱ የተገኘው ዝምታን በመሸጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የሳታ መስፈርት አዘጋጆች ይህን አላጡትም፤ ሁለት የእንቅልፍ ደረጃዎችን በመስፈርቱ ውስጥ አስቀመጡ። የመጀመሪያው ቀላል እንቅልፍ ሲሆን ከእርሱ ለመንቃት ቢበዛ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይፈቀዳል። ሁለተኛው ጥልቅ እንቅልፍ ነው፤ ከእርሱ ለመንቃት እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን አንድ ሺህ እጥፍ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። መስፈርቱ የእንቅልፉን ጥያቄ ማን ያቀርባል ለሚለውም ሁለት መንገድ ከፈተ፦ ወይ ኮምፒውተሩ «እንተኛ» ይላል፣ ወይ ዲስኩ ራሱ ይጠይቃል። ይህ የሁለት መንገድ ጉዳይ ለጊዜው ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የታሪኩ መፍቻ የሆነው እርሱ ነው።

በሊነክስ በኩል ሳታን ከከርነሉ ጋር ያስተዋወቀው በጄፍ ጋርዚክ የተጀመረው «ሊብኤታ» የተባለው የኮድ ክፍል ነው። ኢንቴል በበኩሉ በ2004 የሳታ መቆጣጠሪያ ቺፖች ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር የሚነጋገሩበትን «ኤ.ኤች.ሲ.አይ» የተባለ አንድ ወጥ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ውስጥ ተጠባባቂ ትእዛዝ ሲያልቅ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌሩን ሳይጠይቅ በራሱ መስመሩን የሚያስተኛበት ችሎታ ተካትቷል። በወቅቱ ግን የሊነክስ ሰዎች ስለ ኃይል ቁጠባ ብዙ አይጨነቁም ነበር፤ ሊነክስ በዋናነት የሰርቨር ሥርዓት ነበርና።

ይህ በ2007 ተለወጠ። በኤፕሪል የወጣው ከርነል 2.6.21 ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር በሰከንድ መቶ ጊዜ ወይም ሺህ ጊዜ ያለ ምክንያት እንዳይቀሰቀስ የሚያደርግ ለውጥ ይዞ መጣ። በሜይ ደግሞ የኢንቴል መሐንዲሶች «ፓወርቶፕ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ለቀቁ፤ የትኛው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅሰው በስም እየጠራ ያሳያል። የዚህን ፕሮግራም ውጤት አሳንሼ አላየውም። የተደበቀ ወጪ በስም ተጠርቶ ሲለካ ባለቤቱ ያፍራል፤ ካፈረም ያስተካክላል። በወራት ውስጥ በርካታ የሊነክስ ፕሮግራሞች ከንቱ መቀስቀሳቸውን አቆሙ።

የኢንቴሏ መሐንዲስ ክሪስተን ካርልሰን አካርዲ የዲስክ መስመርን የማስተኛት ኮድ ያቀረበችው በዚሁ መንፈስ ውስጥ ነው። ኮዱ ለተጠቃሚው ሦስት ፖሊሲዎችን ሰጠ፦ ሙሉ አቅም፣ መካከለኛ ኃይልና አነስተኛ ኃይል። በመጀመሪያው መስመሩ አይተኛም። በሁለተኛው ኮምፒውተሩ መስመሩን ወደ ቀላሉ እንቅልፍ ብቻ ይወስደዋል። በሦስተኛው ጥልቁ እንቅልፍ ይፈቀዳል፤ ዲስኩም በራሱ ተነሣሽነት እንቅልፍ መጠየቅ ይችላል። ፓወርቶፕም ለተጠቃሚዎቹ ከሚሰጣቸው ምክሮች መካከል «ይህን አብሩ» የሚለውን ጨመረ። ነገር ግን ምክሩን ያልሰማ፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ ኮምፒውተሩ ቀድሞ እንደነበረ ቀጠለ።

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች «አራት ዜሮ አንድ ኬ» የተባለውን የጡረታ ቁጠባ ያውቁታል። ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሺ በ2001 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት አንድ ኩባንያ ሠራተኞቹን «ካልፈለጋችሁ ውጡ» ብሎ በራሱ ሲያስመዘግብ፣ «ከፈለጋችሁ ግቡ» ይል ከነበረበት ጊዜ ይልቅ የተሳታፊው ቁጥር በእጅጉ እንደጨመረ አሳይተዋል። ለሠራተኛው የቀረበው ምርጫ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ዝም ላለ ሰው የሚደርሰው ውጤት ነው። በሶፍትዌር ውስጥ ነባሪ ቅንብር የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የታሪክ ጥያቄ ኮዱ መቼ ተጻፈ ሳይሆን ነባሪው መቼ ተቀየረ የሚለው ነው።

ለምን አልተቀየረም? ቀላሉ መልስ መረጃ ስለጠፋ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚለውን ፖሊሲ ካበሩት ሰዎች መካከል ዲስካቸው ከእንቅልፍ መንቃት ያቃተው፣ ኮምፒውተራቸው ለሰከንዶች የሚደርቅባቸው፣ ከዚያም አልፎ የጻፉት ፋይል የሚበላሽባቸው ተገኙ። በመስፈርቱ መሠረት ይህ መሆን አልነበረበትም። ግን በዲስኩ ውስጥ ያለው ፈርምዌር ሰው የጻፈው ሶፍትዌር ነው፤ ጸሐፊው ያልሞከረውን መንገድ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም።

ጊዜውም ለአዲስ ሙከራ የተመቸ አልነበረም። ኮዱ ወደ ከርነሉ በሚገባበት በ2007 መጨረሻ የኡቡንቱ ተጠቃሚዎች ስለ ሌላ የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ይከራከሩ ነበር። አንዳንድ የላፕቶፕ ዲስኮች ለጥቂት ሰከንዶች ሥራ ሲፈቱ የማንበቢያ ክንዳቸውን ከሳህኑ ላይ አንሥተው ያሳርፋሉ፤ ሥርዓቱ ደግሞ ትንሽ ነገር ሊጽፍ መልሶ ይቀሰቅሳቸዋል። ለላፕቶፕ ዲስክ የተለመደው የዕድሜ ገደብ 600,000 ጊዜ ያህል ማንሣትና ማሳረፍ ነበር። በደቂቃ ሁለት ጊዜ ቢሆን በቀን 2,880 ይደርሳል፤ ያለማቋረጥ የሚሠራ ማሽን ገደቡን በሰባት ወር ገደማ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ቅንብሩ በአብዛኛው የመጣው ከዲስኩ ወይም ከላፕቶፑ አምራች ነበር፤ የተወቀሰው ግን ኡቡንቱ ነው። ይህን ክርክር የተከታተለ የዲስትሪቢውሽን አዘጋጅ ሌላ የዲስክ ቁጠባ በነባሪነት ለማብራት ቢያመነታ አይገርመኝም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን እንመልከት። ማብሪያው ቢበራ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ትንሽ ጥቅም ያገኛል፤ ባትሪው ጥቂት ይረዝማል፣ ምስጋና የሚጽፍ ግን የለም፣ ምክንያቱንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማብሪያው ከሺህ አንዱን ቢጎዳ ደግሞ ያ አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የልጁን ፎቶ ያጣል፤ የሚከሰውም ዲስኩን ሳይሆን ትናንት ያሻሻለውን ሥርዓት ነው፤ ትናንት ይሠራ ነበርና። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚመራው የከርነል ልማት «ሲሠራ የነበረውን አታበላሹ» የሚለውን ደንብ ከሁሉ በላይ ያከብራል። ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋ እንዳለው ግን መሸሸግ አይገባም። ማንም ቅሬታ የማያቀርብበት ብክነት በእንዲህ ዓይነት ደንብ ፊት ሁልጊዜ ይሸነፋል። የባከነው ዋት ፋይል አያበላሽም፣ ደብዳቤም አይጽፍም።

ጥልቅ እንቅልፍ ሌላ ዋጋም ነበረው። የተኛ መስመር አዲስ ዲስክ ሲሰካበት አይሰማም። በሥራ ላይ እያለ ዲስክ ለሚቀየርበት ሰርቨር ወይም ውጫዊ ዲስክ ለሚሰካበት ፖርት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ዲስኩ ተዘግቶ ለተቀመጠበት ላፕቶፕ ግን ከቁም ነገር አይገባም። አንድ ነባሪ ለሁሉ አይሆንም የሚለው ክርክር እውነት ነበረው።

ሚዛኑን ያናወጠው የፕሮሰሰሮች መሻሻል ነው። ኢንቴል ከ2013 ጀምሮ ባወጣቸው የላፕቶፕ ትውልዶች ፕሮሰሰሩና በዙሪያው ያለው ቺፕ በአንድነት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ መግባት ቻሉ፤ ለዚህ ግን በዙሪያቸው ያለው ሁሉ አስቀድሞ መተኛት አለበት። አንድ ሰው መብራት አብርቶ ሲያነብ ክፍሉ ሁሉ እንደማይተኛ ማለት ነው። ማቲው ጋሬት በ2015 እንዳመለከተው በእነዚህ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የሊነክስ የሳታ ቅንብር ማሽኑ በሙሉ ወደ ጥልቁ ደረጃ እንዳይወርድ ያግድ ነበር። በ2008 የማብሪያው መጥፋት የሚያስከፍለው የመስመሩን ኃይል ነበር፤ አሁን የሌሎቹንም ክፍሎች ጨመረ። ሌላው የማሽኑ ክፍል በቆጠበ ቁጥር የአንዱ አለመቆጠብ ውድ ሆነ።

መፍትሔው የመጣው የሬድ ሃት ባልደረባ ከነበረው ከሃንስ ደ ሁደ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የመፍትሔው ቀላልነት ነው። ደ ሁደ መስፈርቱ ምን ይፈቅዳል ብሎ በመጠየቅ አላበቃም፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ በምን ቅንብር ይሠራል ብሎ ጠየቀ። በዊንዶውስ ላይ የሚጫነው የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር በነባሪነት ከሊነክስ ሦስት ፖሊሲዎች ከአንዱም ጋር አይገጥምም ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ መካከለኛው ፖሊሲ ቀላሉን እንቅልፍ ብቻ ይጠይቃል፤ ዲስኩ ግን ከፈለገ በራሱ ተነሣሽነት ወደ እንቅልፍ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ደ ሁደ ይህንኑ ቅንብር እንደ አዲስ ፖሊሲ ጨመረው። ጃንዋሪ 28 ቀን 2018 በወጣው ከርነል 4.15 ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያው ኮድ ከወጣ አሥር ዓመት ከአራት ቀን በኋላ።

ልዩነቱ ከውጭ ሲታይ ኢምንት ነው፤ በሁለት ነባር ፖሊሲዎች መካከል አንድ መደበሪያ። ነገር ግን በዚያች መደበሪያ ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ማሽኖች ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። የዲስክ አምራቹ ፈርምዌሩን ሲሞክር የሚሞክረው በዊንዶውስ ነው፤ ደንበኛው እዚያ ነውና። ሊነክስ የሰጠው «አነስተኛ ኃይል» መስፈርቱ የሚፈቅደው፣ የዊንዶውሱ ነባሪ ግን የማይሄድበት መንገድ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት መስፈርቶች እንዳሉ ይታያል፦ አንዱ የተጻፈው፣ ሌላው የተሞከረው። ሲጋጩ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ሙከራ የጋራ ሀብት ባሕርይ አለው። አንዱ ከፍሎ ካስሞከረው ሌላው ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ሊነክስ በላፕቶፕ ገበያ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ስለነበር የዲስክ አምራቾች ለእርሱ ብለው ሌላ ሙከራ የሚያደርጉበት የትርፍ ምክንያት አልነበራቸውም። የነበረው አማራጭ ሌሎች በከፈሉበት ሙከራ ላይ መሳፈር ነው። ይህን ነጻ ተሳፋሪነት ብለው የሚነቅፉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ትንሽ አቅም ያለው ወገን ሊወስደው የሚችለው ብልህ ውሳኔ ሆኖ ይታየኛል። የሚያሳዝነው አሥር ዓመት መፍጀቱ ብቻ ነው።

የጥቅሙ መጠን በከርነሉ መዝገብ ውስጥ በደ ሁደ ተጽፎ ይገኛል፦ ሥራ በፈታ ላፕቶፕ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ዋት። ዘመናዊ ቀጫጭን ላፕቶፖች የስክሪናቸው ብርሃን ግማሽ ላይ ሆኖ ሥራ ሲፈቱ 6 ዋት ገደማ ይፈጁ እንደነበርም እዚያው ተመልክቷል። 60 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ6 ዋት አሥር ሰዓት ይሄዳል፤ በ5 ዋት አሥራ ሁለት፣ በ4.5 ዋት ደግሞ አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ዛሬ ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት ስንሄድ ለዘመድ በሻንጣ ይዘናቸው የምንገባው ዓይነት ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚማር ሰው ሁለት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም፤ ያንን ሁለት ሰዓት የሚወስነው ደግሞ ዲስኩን ያመረተውም ሆነ ላፕቶፑን የገዛው ሰው አይቶት የማያውቀው አንድ ነባሪ ቅንብር ነው።

ከርነሉ ራሱ ግን ወዲያው አልደፈረም። በ4.16 የላፕቶፕ ቺፖችን ነባሪ ፖሊሲ የመምረጡ ሥልጣን ከርነሉን ለሚያዘጋጀው ዲስትሪቢውሽን ተሰጠ፤ ያልመረጠ እንደ ድሮው ይቀጥላል። ፌዶራ መረጠ፤ ተጠቃሚዎቹም አስቀድመው እንዲሞክሩ ደ ሁደ ጥሪ አቀረበ። ሙከራው እውነተኛ ችግሮችን አወጣ። የተሞከረው መንገድ እንኳ ለሁሉም ዲስክ የተሞከረ አልነበረም። በ2018 የክሩሻል፣ የሳምሰንግና የሳንዲስክ የተወሰኑ ሞዴሎች «እነዚህን አታስተኙ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ገቡ። የክሩሻል «ቢኤክስ 100» ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መጀመሪያ ለአንድ የፈርምዌር ዕትም ብቻ ተመዘገበ፤ በኋላ ለሁሉም ዕትሞቹ እንዲሆን ተደረገ።

ይህ ዝርዝር ራሱ የሚነበብ ታሪክ ነው። በከርነሉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት «ሆርኬጅ» በሚል የፕሮግራመሮች ቀልድ ስም ይጠራ ነበር፤ የተበላሸ፣ የተሰናከለ እንደማለት ነው። በ2024 ደርበብ ባለ ስም ተተካ። ቀልዱ በመጥፋቱ ትንሽ አዝኛለሁ። እያንዳንዱ መሥመር የአንድን ሞዴል ስም ይይዛል፤ ከጀርባው ኮምፒውተሩ የደረቀበት፣ የስሕተት መልእክቱን ቀድቶ የላከ፣ «ይህን ሞክር» ሲባል የሞከረ ሰው አለ። አምራቹ ያልከፈለውን የሙከራ ወጪ የከፈሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ በጊዜያቸው፣ አንዳንዴም በፋይላቸው።

ዲስኮች ሳታን ትተው በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ወደሚነጋገሩበት ወደ «ኤን.ቪ.ኤም.ኢ» ሲሻገሩ ይኸው ታሪክ አጥሮ ተደገመ። በ2017 የወጣው ከርነል 4.11 እነዚህ ዲስኮች በራሳቸው ወደ እንቅልፍ የሚሄዱበትን ሥርዓት አበራ፤ ወዲያው አንዳንድ የሳምሰንግ ዲስኮች በአንዳንድ የዴል ላፕቶፖች ላይ ችግር አሳዩ፣ የእነርሱም ልዩ ዝርዝር ተከፈተ። እዚያ ግን አሥር ዓመት አልተጠበቀም፤ መጀመሪያ በርቶ ከዚያ ልዩ ሁኔታዎቹ ተለቀሙ።

ሳታም በመጨረሻ ወደዚያ መንገድ ገባ። በ2024 የከርነሉ አዘጋጆች ነባሪ ፖሊሲው የሚሠራባቸውን ቺፖች ለይቶ የሚዘረዝረውን አሠራር አስወግደው በኤ.ኤች.ሲ.አይ ለሚሠሩ መቆጣጠሪያዎች በአጠቃላይ እንዲሠራ አደረጉ። ውጫዊ ዲስክ የሚሰካባቸው ፖርቶች ብቻ ከዚህ ውጭ ሆኑ፤ አዲስ የተሰካ ዲስክ እንዳያመልጣቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በጁን ወር፣ ቀድሞ ማስተኛት ያልደረሰባቸው ዴስክቶፖች ባለቤቶች መጻፍ ጀመሩ። «አታስተኙ» በሚለው ዝርዝር ላይ ሦስት ስሞች ተጨመሩ፦ የክሩሻል «ቢኤክስ 500» ባለ 240 ጊጋባይቱ፣ የኤ.ኤም.ዲ «ራዲዮን ኤስ3» እና የአፓሰር «ኤ.ኤስ 340»።